በፈተና ወረቀት ጀርባ የተሣለችው ሰስ

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ክፍሌ በር ላይ ሲቆም፣ ሰሌዳው ላይ የእንቁራሪት ልብ እየሣልኩ ነበር። ተማሪዎቹ ከእኔ ቀድመው አይተውት ኖሮ ክፍሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ዞር አልኩ።

«መምህርት፣ ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል።»

«ክፍለ ጊዜዬ ሲያልቅ ልምጣ?»

«አሁን ይዘሃት ና ነው የተባልኩት።»

ጠመኔውን አስቀምጬ ተከተልኩት።

ሐይቅ ከተማ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ደርግ ጠላቴ ያለውን ሰው በየቤቱ እያሰሰ የሚይዝበት፣ ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ነው። ጠዋት ስም ስጠራ «የለም» የሚባልለት ተማሪ በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። የት እንደሄዱ አልጠይቅም። የማላውቀውን ነገር አውጪ ሊሉኝ አይችሉም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስገባ ሊቀመንበሩ ቆሟል። የእሱን ወንበር ይዞ የተቀመጠው ከደሴ የመጣ ካድሬ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ይህ ረጋ ማለቱ ከሊቀመንበሩ ጩኸት የበለጠ አስፈራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዘንቢል፣ በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ዳቦ ቆሎና አንድ ወረቀት ነበሩ። ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ምን ይታይሻል፣ ጓድ መምህርት?»

በጥቁር ቀለምና በቀጭን ብዕር የተሣለች እንስሳ ናት። አለት ጫፍ ላይ ቆማለች። አራቱ ሰኮናዎቿ የስኒ ቂጥ በምታክል ቦታ ላይ ተሰብስበዋል። ጠጉሯ አንድ በአንድ ነው የተሣለው፤ የጆሮዋ ውስጥ መስመሮች፣ የአፍንጫዋ እርጥበት ሳይቀር ይታያል። ከዓይኗ ሥር እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ምልክት አለ። ከሥዕሉ ሥር ለብቻው አንድ ሰኮና ከታች በኩል ታይቶ ተሥሏል። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠብታ ያለበት ጭራሮ። በግራው ጠርዝ ከላይ ወደ ታች አሥራ አንድ ሰዓቶች ተጽፈዋል፦ 12፡40፣ 12፡35፣ 1፡10 እያለ ይወርዳል። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልነበረበትም።

«ሰስ ናት» አልኩ።

«ሰስ መሆኗንማ ሊቀመንበሩም ነግሮኛል። ምን ማለት ናት?»

ጥያቄው አልገባኝም። እሱ ግን መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀኝ። ዘንቢሉ የተገኘው ከግሸን ተሳላሚ ጭኖ ሲመለስ ከነበረ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ኬላው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲፈተሽ «የኔ ነው» ያለ ሰው ጠፋ። ወረቀቱ ከዳቦ ቆሎው ሥር ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። ካድሬው ይህን ከነገረኝ በኋላ በእርሳሱ ጫፍ ሥዕሉን እየነካካ ተረጎመልኝ።

«ገደሉ አምባሰል ነው። አራቱ እግሮች አንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ አራት ቡድን አንድ ላይ ይገናኛል ማለት ነው። እነዚህ ሰዓቶች ቀጠሮ ናቸው። ይቺ ጭራሮ ደግሞ መልእክት የሚቀመጥበት ቦታ ምልክት ናት። እስቲ ተሳስተሃል በይኝ።»

ሊቀመንበሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የሚያሳፍረው፣ እኔም ለአፍታ አመንኩት። እሱ እንዳለው ሳያት ሰሷ ጠፍታ ቡድኖቹ ታዩኝ። ቀና ብዬ ልመልስ ስል ወረቀቱን ገለበጠው።

«ይሄስ የማን ነው?»

በወረቀቱ ጀርባ ላይ የነበረው ባለፈው ሰኔ እኔ ያወጣሁት የሳይንስ ፈተና ነበር። በስቴንስል ሲባዛ ሰባተኛው ጥያቄ በስሕተት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተማሪ ሁሉ የሳቀብኝ ፈተና ነው። አልካድኩም፤ ብክድስ?

«የኔ ነው። ግን የተረፈው ወረቀት በየሱቁ ጨው ይጠቀለልበታል። ማንም እጅ ሊገባ ይችላል።»

ያልኩትን ጻፈው። ከዚያ ሥዕሉን አጥፎ ሰጠኝ። «አንቺ የተማርሽው ይህንኑ ነው። እስከ ዓርብ ትርጉሙን በጽሑፍ አምጪ። ሥዕሉን ስለመውሰድሽ እዚህ ላይ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ከደጅ ስወጣ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ማስረጃ የያዘ ሰው ማስረጃውን ለተጠርጣሪ አይሰጥም። የሰጠኝ ወዴት እንደምወስደው ለማየት ነው።

ወዴትም አልወስደውም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ግን ሐሳቤ አንድ ሰው ላይ ወድቆ ነበር። የፈተና ወረቀቶቹ የሚቀመጡት መምህራን ክፍል ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው ሁለታችን ጋ ብቻ ነበር፤ እኔ ጋና የጂኦግራፊው መምህር ጋ። እሱ ካርታ ይሥል ነበር። በቀጭን ብዕርና በጥቁር ቀለም የወሎን ወንዞች ሁሉ አውጥቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። እናቱ አምባሰል ስለሚኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ይሄዳል። ቢያንስ እሱ የሚለው እንደዚያ ነው።

ስገባ ደብተር እያረመ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ምን ፈልገውሽ ነው?» አለኝ።

«ስለ ጽዳት ዘመቻው ነው።»

«ከክፍል በጠመንጃ አስጠርተው? ስለ ጽዳት?»

ያን ጊዜ ቀና አለ። እኔን ሳይሆን ሥዕሉን የከተትኩበትን ቦርሳ ነበር ያየው። ሌላ ነገር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመካከላችን እንደ ድሮው የሚቀለድ ነገር አልነበረም።

የምኖረው አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም እናት ቤት ተከራይቼ ነው። እማማ ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ እየመረመርኩ ሳለሁ በሩን ከፍተው ገቡ። ልሸፍነው ብሞክርም አዩት።

«ሰስ! አጂብ ነው! ልትዘል እኮ ነው የምትመስል!» አሉና ከመከልከሌ በፊት ወደ ውጭ ተጣሩ። «ወንድሜ፣ ና እስቲ ይቺን እይ!»

ወንድማቸው የአምባሰል ገበሬ ናቸው። የገበያ ቀን ስለነበር አህያቸውን ግቢ ውስጥ አስረው ነበር። በወጣትነታቸው ሰስ ያድኑ እንደነበር፣ የሰስ ጠጉር ለኮርቻ መሙያ ሲሸጡ እንደኖሩ፣ ጠመንጃቸውን የገበሬ ማኅበሩ ከወሰደው ወዲህ ግን ገደል ለገደል መሄድ እንደተዉ ከዚህ በፊት ነግረውኛል። ሥዕሉን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ተከተልኳቸው። ግቢው አጥር ላይ ማን እንዳለ ቃኘሁ፤ ማንም አልነበረም። ቢኖርም እንዲታየኝ ሆኖ አይቆምም ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ጣታቸውን ከራሷ ጀምረው ወደ ታች አወረዱ።

«ቀንድ የላት፤ ሴት ናት። ከሥሯ ወደ ቁጥቋጦው ጠጋ ብሎ ወንዱ እየበላ መሆን አለበት፤ ሁለቱ አይለያዩም። አንዱ ሲበላ አንዱ ዘብ ይቆማል። ይቺ ተራዋ ነው።»

«እግሮቿስ አባባ? አንድ ቦታ የተሰበሰቡት?»

ጥያቄዬ አሳቃቸው። «ታዲያ ሰስ እንዴት ትቁም? በጥፍሯ ጫፍ ነው የምትቆም። ጠጉሯን እይው፣ ተነፍቷል፤ የጧት ብርድ ነው። ይቺ ጭራሮ ደግሞ ያው ጭራሮ ናት። ከዓይኗ ሥር የሚወጣውን ጥቁር ነገር ጭራሮ ጫፍ ላይ ትቀባዋለች፣ ድንበሯን ለማወቅ። ይህን የሣለ ሰው አይቷል ወላሂ።»

ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ ያው የሚታየው ብቻ ነበር፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ይህንኑ እጽፋለሁ፣ አበቃ አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ግን ወረቀቱን አልመለሱልኝም። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «ጆሮዋን አየሽው ልጄ? አልቆመም። ዓይኗ ወደሚሥላት ሰው ነው፣ ጆሮዋ ግን ዘና ብሏል። ሰስ ሰው ስታይ አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ታፏጭና ድራሿ ይጠፋል። እኔ አርባ ዓመት ስከተላት እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ይቺ ሰውየውን ለምዳዋለች።»

«በስንት ቀን ትለምዳለች?»

ማንበብ ስለማይችሉ ሰዓቶቹን አላነበቡም፤ ግን መስመሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ይህ ስንት ጧት ነው? አሥራ አንድ? አሥራ አንድ ጧት እዚያው ቦታ ከነበረ ትለምዳለች። ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው ያያት፣ ከቅርብ። እንዲህ የሚታይበት ቦታ ዋሻ አፍ ብቻ ነው። ቤት ያለው ሰው አሥራ አንድ ጧት ዋሻ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሥዕሉን እንደ ትኩስ ነገር እጄ ላይ አኖሩት። «ቦታውን አትጠይቂኝ። እኔም አልነገርኩሽ፣ አንቺም አላሳየሽኝ።» አህያቸውን ፈትተው ገበያው ሳይበተን ወጡ።

እማማ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። «ዘንቢል ውስጥ ነው ያሉሽ? ከስንቅ ሥር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ ይህ ደብዳቤ ነው። ስንቅ ያደረሰለት ሰው በተሳላሚው መሐል ተቀላቅሎ ሄዷል። ዋሻ ውስጥ ያለው ደግሞ ለእናቱ ይሁን ለማን እንጃ፣ አለሁ ብሎ ላከላት። ጽሑፍ ቢያዝ ያስገድላል፤ ሰስ ብትያዝ ሰስ ናት።»

ይህን በእንዲህ ያለ እርግጠኝነት ሲናገሩ ፊታቸውን ቀና ብዬ አየሁት። እንዴት አወቁ? አንድ ልጃቸው አሰብ ለሥራ ሄዷል ሲሉ ነበር የማውቀው። አሰብ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ሽማግሌውስ ከዚህ ወጥተው ወዴት ነው የሚሄዱት? ማኅበራቸው ውስጥ ለማን ምን ይነግራሉ? ሁለት ዓመት ያበሉኝን እናት በዚያች ቅጽበት በካድሬው ዓይን አየኋቸው። ሳያውቁት አልቀሩም፤ ተነሥተው፣ «አብሽሪ፣ እኔ ምንም አላየሁ» ብለውኝ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለኝ ምርጫ ግልጽ ነበር። ካድሬው የተረጎመው ሁሉ ስሕተት ነው፤ ቡድን የለም፣ ቀጠሮ የለም። እውነተኛውን ትርጉም ብጽፍለት ግን ጥሩ አድርጌ በተረጎምኩ ቁጥር አንድ ሰው ወዳለበት ዋሻ እመራዋለሁ። ሴት ናት፣ ጧት ነው፣ ለምዳዋለች፣ ከላይ ነው የታየችው ካልኩ በቂ ነው፤ ቀሪውን አምባሰልን የሚያውቅ ሁሉ ይጨርስለታል። ያንን ሰው አላውቀውም። የጂኦግራፊው መምህር ይሁን፣ ከተማሪዎቼ አንዱ ይሁን፣ በጭራሽ ሐይቅን ረግጦ የማያውቅ ይሁን አላውቅም። ግን የዚያችን እንስሳ ጠጉር አንድ በአንድ የሣለ እጅ ታስሮ ማየት አልፈለግሁም።

ሐሙስ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «ይህ ሥዕል ከውጭ አገር የሳይንስ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ሰኮናውና ጭራሮው የእንስሳዋን ባሕርይ ለማስረዳት በመጽሐፉ ላይ የነበሩ ናቸው። ሰዓቶቹ እንስሳዋ የምትመገብባቸው ናቸው።» በተቻለኝ መጠን አሰልቺ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

ዓርብ ካድሬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«መጽሐፉን አምጪልኛ።»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። አሁን የለም።»

«ሽፋኑ ምን ዓይነት ነው?»

«ሽፋን አልነበረውም። ተገንጥሏል።»

ወደ ጥበቃው ዞሮ፣ «የጂኦግራፊውን መምህር ጥራልኝ» አለ። ማንን እንደሚያስጠራ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እንግዲያ ቁም ሣጥኑን ያውቃል፤ ቁልፎቹንም ያውቃል። ማን ነገረው? ከእሱ ከራሱ በቀር ማን ሊነግረው ይችላል? እስኪመጣ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሊቀመንበሩ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፤ ካድሬው ሌላ ወረቀት ያነባል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ሥዕሉ የእሱ ከሆነ ራሱን ለማዳን በእኔ ላይ ይለጥፈዋል፤ የእነሱ ሰው ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ይነግራቸዋል። ሦስተኛ መንገድ አልታየኝም።

ሲገባ አላየኝም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥዕል ግን አየ፤ ትንሽ ቆየበት።

«ትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ የአራዊት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለው?» አለው ካድሬው።

«ነበረው። የፈረንጅ አስተማሪዎች ትተውት የሄዱት። ሰሷም ነበረችበት።»

«የት ገባ?»

«ተማሪው ሁሉ ለዘመቻ የወጣ ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ጠፍቷል። እሱም ያኔ ሳይጠፋ አልቀረም።»

«የሽፋኑ ቀለም?»

የጂኦግራፊው መምህር ትከሻውን ነቀነቀ። «ጓድ፣ የእኛ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሽፋን አለው እንዴ? እኔ ሳውቀው ተገነጣጥሏል።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ እውነት መሆኑን ያውቃል፣ ልጆቹ እኛው ጋ ነበር የሚማሩት። ካድሬው አልሳቀም። አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። «ሁለታችሁም የተማራችሁ ናችሁ» አለ በመጨረሻ፤ ምስጋና አልነበረም። ሥዕሉን ከጽሑፌ ጋር በአንድ ፋይል ከትቶ፣ «ስፈልጋችሁ አስጠራችኋለሁ» ብሎ አሰናበተን።

ከዚያ ግቢ አብረን ወጣን፤ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ላመሰግነው ፈልጌ ነበር። ግን ለምን እንደዋሸልኝ አላወቅሁም። ሥዕሉ የእሱ ስለሆነ ራሱን ማዳኑ ይሆን? ወይስ ነገ «ያኔ አድኜሻለሁ» ብሎ አንድ ነገር እንዳደርግ ሊጠይቀኝ? መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ፣ «እንግዲህ» አለኝ። «እንግዲህ» አልኩት። ተለያየን።

ካድሬው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አስጠርቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩ። ቆይቶ እሱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ። በዚህ ምክንያት ሐይቅ ውስጥ የታሰረ ሰው አልሰማሁም፤ አምባሰል ገደል ውስጥ የተያዘም አልሰማሁም። ሥዕሉን ዳግመኛ አላየሁትም። እማማ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሱም። ልጃቸው በሚቀጥለው ዓመት ከአሰብ በጭነት መኪና መጣ፤ ፊቱ በጨውና በሐሩር ጠቁሮ፣ የወደብ ሠራተኛ መታወቂያውን በኪሱ ይዞ። እኔ ብቻ ነበርኩ መታወቂያውን ሲያሳየኝ ያፈርኩት።

ከጂኦግራፊው መምህር ጋር ግን ነገሩ ተበላሽቶ ቀረ። አንድ ቁም ሣጥን እየከፈትን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን፣ ለሁለት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራንም። እኔ ስገባ እሱ ወሬውን ያቋርጣል፤ እሱ ሲመጣ እኔ ደብተሬን እዘጋለሁ። ከዚያ ወረኢሉ ተመደበና ሄደ። የስንብት ሻይ ላይ አልተገኘሁም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ለመምህራን ሥልጠና ደሴ ተጠርተን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኘን። ጠጉሩ ሸብቷል። በእረፍቱ ሰዓት ከግቢው ውጭ ካለች ሻይ ቤት ገባን። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ እናቱ መሞት ካወራን በኋላ አላስችል አለኝ።

«አሁን የሚያስፈራ ነገር የለም። ያቺን ሰስ ለምን ሣልካት? ለማን ልትልካት ነበር?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የሣልሻት?»

ተያየን። እየቀለደ መሆኑን ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ፈተናው የእኔ፣ ቁልፉ የእኔ፣ ሰሌዳ ላይ እንቁራሪትና ጥንቸል የምሥለውም እኔ። ወንድም ወይም እጮኛ አንድ ቦታ ደብቃለች ብሎ ነበር ያሰበው። ከጥበቃው ጋር ወደ ቀበሌ ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ምን ብል አድናታለሁ ሲል እንደነበር ነገረኝ።

«ከዚያ በኋላ ለምን ሸሸኸኝ ታዲያ?»

«ፈራሁሽ። የደበቅሽው ሰው ቢያዝና አንቺን ቢያስለፈልፉሽ፣ የዋሸልኝ እሱ ነው ብትያቸውስ እያልኩ። አንቺ ስትገቢ ወሬ የማቋርጠውም ለዚህ ነበር።»

የሽማግሌውን ንባብ ያኔ ነገርኩት፤ ስለ ጆሮዋ፣ ስለ አሥራ አንዱ ጧት፣ ስለ ዋሻው። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ሲሰማኝ ሻዩ ቀዘቀዘ።

«እንግዲያ ለማናውቀው ሰው ነው የዋሸነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፤ የአንቺ አለመሆኑን ባውቅ ኖሮ የምዋሽ አይመስለኝም» አለ።

ቅር አለኝ፤ ግን ምን ልለው እችላለሁ? እኔም ያቺን ሥዕል ባላያት ኖሮ፣ ዝም ብሎ ዋሻ ውስጥ የተደበቀ ሰው አለ ብቻ ቢሉኝ፣ ያን ገጽ መጻፌን እጠራጠራለሁ። ሰውየው በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ሰሷን የላከላት ሰው ማን ትሁን፣ ሥዕሉ ሳይደርሳት ቀርቶ ምን ያህል አልቅሳ ይሆን እያልን እስከ ሥልጠናው ደወል ተቀመጥን። ያወቅነው ነገር ግን የለም፤ እስካሁንም የለም።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን። በዓመት አንዴ ሁለቴ ደሴ ስንገናኝ ሻዩን እያማሰለ ጎንበስ ይልና፣ «እስቲ በእውነት፣ አንቺ አይደለሽም?» ይለኛል። አይደለሁም እለዋለሁ። የሚያምነኝ አይመስለኝም። እኔም እሱን ሙሉ በሙሉ አላምነውም።